አንደኛ ክፍሎች ላይብረሪ ሲገቡ መጀመሪያ ምን ይስሙ?

የላይብረሪዋ (ክር ከፋች) — ደሴ፣ ጳጉሜ 1 ምሽት

ሰላም ወገን፣ ክረምቱን እንዴት አለፋችሁት?

ደሴ ውስጥ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ነው የምሠራው። ስሙ ይቆይ፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ነን፣ በሁለት ፈረቃ። አንድ ክፍል ሲመጣ 60 ምናምን ልጅ ነው። ወንበሩ ግን ለ30 ብቻ ነው።

ነገሬ ወዲህ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲሶቹን ልጆች እንቀበላለን። «አቀባበል» ይባል እንጂ ማስፈራሪያ ነው። በር ላይ ይሰለፋሉ። ገብተው ይቆማሉ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደንብ ይነበብላቸዋል። መጮህ ክልክል ነው። ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ገጽ ማጠፍ ክልክል ነው። ያለ ፈቃድ መደርደሪያ መንካት ክልክል ነው። «ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!» ወጡ። አለቀ። መጽሐፍ ሳይነኩ ገብተው መጽሐፍ ሳይነኩ ይወጣሉ። ሰኔ ላይ ደግሞ «ተማሪው የማንበብ ፍላጎት የለውም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

ዘንድሮ ይሄን መቀየር እፈልጋለሁ። ርእሰ መምህራችንም «ዕቅድሽን አምጪና እንየው» ብለውኛል። የሞከራችሁት ነገር ካለ ወዲህ በሉ። ብር የለም፤ ያንን ከወዲሁ ልናገር።


የሁለተኛ ለ መምህርት — ደሴ፣ ጳጉሜ 1 ምሽት

እሰይ! ይሄን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ስጠብቅ ነበር።

ያ ደንብ መጀመሪያ ለማን ነው የተለጠፈው? የአንደኛ ክፍል ልጅ መስከረም ላይ «ሀ»ን ከ«ለ» ገና እየለየ ነው። ለእሱ ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ ምኑ ነው? የተለጠፈው ለሱፐርቫይዘር ነው። ኢንስፔክሽን ላይ ነጥብ ይዞ ሊሆን ስለሚችል አትንቀዪው። ግን ከፍ አድርገሽ ስቀዪው፣ ጎብኚ ያንብበው።

በእኔ ሐሳብ የመጀመሪያው ቀን ሥራ አንድ ነው። ልጁ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጥ። በገዛ እጁ ይምረጥ፣ ይግለጥ፣ ሥዕሉን ይይ። ዘቅዝቆ ቢይዘውም ይያዘው። ደንቡ በሚቀጥለው ቀን ይደርሳል። መጽሐፍ ይዞ የማያውቅ ልጅ «ገጽ አይታጠፍም» ሲባል ምን እንደተባለ አይገባውም። ከያዘ በኋላ ግን አንዴ ካሳየሽው በቃ።

ቤታቸው መጽሐፍ ያላቸው ስንቶቹ ናቸው? እኔ ክፍል ውስጥ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ ነክቶ የማያውቅ ሞልቷል። በ2002 ዓ.ም. በአገር ደረጃ በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፕሮግራም መጥቶ ሄዷል። ክፍል ስገባ ግን እነዚያ ልጆች አሁንም አሉ።


ጦሳ ሥር — ደሴ፣ ጳጉሜ 2 ጠዋት

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ከተማም ገጠርም አስተምሬአለሁ።

መምህርቷ ያለችው ልክ ነው። እኔ ከመጽሐፉም በፊት ተረት አስቀድማለሁ። ልጆቹን አስገቡና አስቀምጧቸው። ወንበር ካነሰ ሰሌን አንጥፉ። ጫማ አውልቁ በሏቸው። የወሎ ልጅ መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ጫማውን አውልቆ መግባት ያውቅበታል፤ ክቡር ቦታ እንደገባ ሳትነግሩት ይገባዋል። መስከረም ደግሞ ጭቃ ነው፣ ወለሉም ይተርፍላችኋል።

ከዚያ «ተረት ተረት» በሉ። «የመሠረት!» ብለው ቤቱን ያናጉታል። ተረቱ የጅብ ከሆነ ደሴ ውስጥ ጅብ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ማታ ማታ ሲያላዝን ይሰሙታል። ጅቡ አህያዋ ዘንድ ሲደርስ ተረቱን አቁሙት። «ከዚያስ ቲቸር?» ይላሉ። «ከዚያማ እዚህ ውስጥ አለ» ብላችሁ መጽሐፉን አንሱ። እኔ ያልሠራበት ቦታ አላየሁም።

ዝምታውንም አትለምኗቸው። ዝም የሚያሰኝ ነገር ስጧቸውና ራሱ ይመጣል።


ንብረት ክፍል — ጳጉሜ 2 ቀትር

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። አሁን እኔ የሚያስጠላኝን ላውራ።

እነዚህ መጻሕፍት በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ የሆኑ ንብረቶች ናቸው። ላይብረሪያኗ ፈርማ ተረክባለች። ሰኔ ላይ ቆጠራ ይመጣል። «አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ወስዶት ይሆናል» የሚል መልስ ኦዲት ፊት አይቆምም። ዝውውር አግኝታ ክሊራንስ ስትጠይቅ ያኔ ታየዋለች። «ልጆቹ በገዛ እጃቸው ይምረጡ» ማለት ለማይፈርም ሰው ቀላል ነው። 60 ልጅ፣ አንድ ባለሙያ፣ አንድ በር።

የማውቃት አንዲት ላይብረሪያን አለች። ለጠፋ መጽሐፍ ከደመወዟ ተቆርጦባታል። ከዚያ ወዲህ መደርደሪያውን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። እናንተ ትፈርዱባት ይሆናል። እኔ አልፈርድባትም።


የላይብረሪዋ — ጳጉሜ 2 ቀትር

ጋሼ ጦሳ፣ ተረቱን እኩሌታው ላይ ማቆም የሚሉትን ከእርስዎ ወስጃለሁ፣ ይባርኩልኝ።

ንብረት ክፍል፣ ወንድሜ፣ ነገሩን ፍርጥ አደረግከው። ሁላችንም የምንፈራው እሱን ነው፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም። እስኪ መፍትሔም ወርውር።


ቦርከና — ኮምቦልቻ፣ ጳጉሜ 2 ከሰዓት

እኔም ላይብረሪ ነው የምሠራው፣ ኮምቦልቻ። የቁልፍ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የስንቱ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ተራቆተ። የእኛም አንዱ ነው። ስንመለስ ቁልፉ እጃችን ላይ ነበር፤ በሩ ግን አልነበረም። የተረፉትን መጻሕፍት ግቢ ውስጥ ተበትነው ለቀምናቸው። አንዳንዶቹ ተገልጠው የማያውቁ፣ ገጻቸው ገና እንደተጣበቀ ነበር። ስንት ዓመት ለቆጠራ ሲጠበቁ ኖረው! ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ለቆጠራ ማስቀመጥ አልሆንልህ አለኝ።

እንደ አዲስ ስንጀምር የሚገዛ ገንዘብ ስላልነበረ ራሳችን ሠራን። ኤ ፎር ወረቀት ለሁለት ማጠፍ፣ መሃሉን በስቴፕለር መምታት፣ ካኪ ማልበስ። ስድስተኛ ክፍሎች ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት ጻፉ። ከላይ ሥዕል፣ ከታች ሁለት መስመር ጽሑፍ፤ ፊደሉ ትልልቅ። ከሁለት መስመር በላይ ከጻፉ ትንሹ ልጅ ይሰለቻል፣ እሱ ላይ ጥብቅ ነበርን። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይም የአማርኛ የልጆች ተረቶች አሉ። በነጻ አውርዶ ማተምና ማባዛት የተፈቀደ ነው። ከእሱም ጨመርን።

ለንብረት ክፍል መልሴ ይኸው፦ እነዚህ በሞዴል 19 አልገቡም። ወረቀት ናቸው፣ አላቂ ዕቃ። ቢጠፉ ይጥፉ። መስከረም ላይ እያንዳንዱ አንደኛ ክፍል በመጀመሪያው ቀን አንድ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዓርብ ወስዶ ሰኞ ይመልሳል። ያልመለሰውን አናሳድደውም፣ ሌላ ይወስዳል። ብዙዎቹ ወጥ ነክቷቸው ነው የሚመለሱት። ወጥ ከነካው ቤት ውስጥ ተገልጧል ማለት ነው፤ እኔ ደስ ይለኛል።


ንብረት ክፍል — ጳጉሜ 2 ከሰዓት

ሃሃ፣ «አላቂ ዕቃ» ካልክማ እጄን ሰጠሁ።

ግን ሥርዓት እናስይዘው። ወረቀቱን ላይብረሪያኗ በሞዴል 20 ትጠይቅ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሁንላት። ምክንያቱ «ለንባብ ማቴሪያል ዝግጅት» ተብሎ ይጻፍ። ያኔ ማንም አይነካትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ላይብረሪ ውስጥ ጎደለ ከሚባለው ግማሹ የተሰረቀ አይደለም። አርጅቶ፣ አይጥ በልቶት፣ ተበጣጥሶ የተጣለና ከመዝገብ ያልተሰረዘ ነው። ያረጀውን በየዓመቱ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ አይቶት ፈርሞ ካወጣው ፍርሃቱ ይቀንሳል። ላይብረሪያን ይሄን ጠይቆ አያውቅም። ጠይቁ።


የሁለት ልጆች እናት — ደሴ፣ ጳጉሜ 2 ምሽት

እኔ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖረው። ትምህርቴን ብዙም አልገፋሁም። ቦርከና ያልከውን አንብቤ አንድ ነገር ልጠይቅ አልኩ። ልጄ መጽሐፍ ይዛ ከመጣች እኔ ምን ላድርግ? አምና አንድ ይዛ መጥታ «ቢጠፋ ትከፍላላችሁ ተብለናል» አለችኝ። ወላሂ ደነገጥኩ። ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ሰኞ እንዳለ መለሰችው። ማን ይንካው?


የሁለተኛ ለ መምህርት — ጳጉሜ 2 ምሽት

እትዬ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ! «ትከፍላላችሁ» የሚለው ነው መጽሐፉን ቁም ሳጥን ላይ የሰቀለው።

ዘንድሮ ይዛ ከመጣች ቡናው ሲፈላ ከጎንዎ ያስቀምጧትና «እስኪ ሥዕሉን አሳዪኝ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ይበሏት። ማንበብ ባትችልም ከሥዕሉ ታወራለች። ትንሽ ብትጨምርበትም፣ ብትዋሽም ይተዉላት። እርስዎ ማንበብ አይጠበቅብዎትም። የሚያውቁት ተረት ካለ ደግሞ እሱን ይንገሯት፣ ያ ራሱ ለንባብ ይረዳታል።

የላይብረሪዋ፣ አንቺ ደግሞ ለወላጅ ብጣሽ ወረቀት ላኪ። «ቢቆሽሽም ቢቀደድም አይከፈልበትም፣ አብራችሁ እዩት» የሚል። ወላጁ የማያነብ ከሆነ ልጁ በቃሉ እንዲያደርስ አስጠኚው። ልጆች መልእክት ማድረስ ይወዳሉ።


የሁለት ልጆች እናት — ጳጉሜ 2 ምሽት

አላህ ይስጥሽ። ተረት እንኳ አያልቅብኝም፣ እናቴ አውርሳኛለች።


ቀዝቃዛው ደሴ — ጳጉሜ 3 ጠዋት

ይሄ ሁሉ ሲወራ የመደርደሪያውን ይዘት ያነሳ የለም። እኛ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ገብቼ አይቻለሁ። አብዛኛው በእርዳታ የመጣ እንግሊዝኛ ነው። የበረዶ ሸርተቴ አለ። የካናዳ የግብር ሕግ አለ። ዘመን ያለፈበት የኮምፒውተር ማኑዋል አለ፣ ያውም በሦስት ቅጂ። የአንደኛ ክፍል ልጅ «በገዛ እጅህ ምረጥ» ሲባል ምኑን ይምረጥ? መጀመሪያ መደርደሪያው ይጽዳ፣ ከዚያ አቀባበል።


ዲዊ — ጳጉሜ 3 ጠዋት

ቀዝቃዛው እውነቱን ነው። የተማርኩት ላይብረሪ ሳይንስ ነው፣ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ብሆንም። ራንጋናታን የሚባል የሕንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1931 ለላይብረሪ አምስት ሕጎች አውጥቷል። አንደኛው «መጻሕፍት ለመጠቀሚያ ናቸው» ይላል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ሦስተኛው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው። እንግዲህ የካናዳው ግብር ሕግ አንባቢ ደሴ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ።

የላይብረሪዋ፣ ሁሉንም ማጽዳት አይጠበቅብሽም። የታችኞቹን ሁለት ረድፎች ብቻ ባዶ አድርጊ። የትንሽ ልጅ እጅ የሚደርሰው እዚያ ነው። እዚያ ላይ ለእነሱ የሚሆነውን ብቻ አስቀምጪ። ሽፋኑ ፊት ለፊት ይታይ፤ በመጽሐፍ ጀርባ መምረጥ የትልቅ ሰው ነገር ነው። ቦታ ካነሰሽ ግድግዳው ላይ ሲባጎ ወጥረሽ ቀጫጭኖቹን ገልጠሽ አንጠልጥያቸው።

ቁጥሩን ለትልልቆቹ ተዪው። መጻሕፍትን በርእሰ ጉዳያቸው በቁጥር የሚመድበው የዲዊ አከፋፈል እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ ያለ ነው፣ ጥሩ ነው። ተረት 398.2 ላይ ነው፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ይገባቸዋል፤ እንዲያውም እንደ ሚስጥር ቁጥር ስለሚያዩት ይወዱታል። ለትንንሾቹ ግን ቀለም ይበቃል። ተረት ቀይ፣ እንስሳት አረንጓዴ፣ ሌላው ሰማያዊ። ባለ ቀለም ወረቀት ቆርጠሽ በስኮች ለጥፊው።

መጽሐፍ በወጣበት ቦታ ልጁ ማስመሪያውን ይሰካ። አይቶ ሲጨርስ ማስመሪያው የቆመበት ቦታ ይመልሰዋል። ማስመሪያ ለሌለው የካርቶን ቁራጭ ስጪው፣ ስሙን ወይም የሚወደውን ሥዕል ይሥልበት። በዚህች ብቻ ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ መደርደሪያ ስታስተካክዪ የምታጠፊው ጊዜ ይቀርልሻል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። በርእስ ፊደል ተራ ስትደረድሪ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ላይ አድርጊያቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። የአራተኛ ክፍል ልጅ በዚህ ማልቀስ የለበትም። በደራሲ ከሆነ ደግሞ የእኛ ደራሲ የሚገባው በራሱ ስም ነው፣ በአባቱ አይደለም። የውጭ ሶፍትዌር ካስገባችሁ ይገለብጥባችኋል፣ ተጠንቀቁ።


ቀዝቃዛው ደሴ — ጳጉሜ 3 ጠዋት

የማስመሪያዋ ነገር ተመችታኛለች። አቦ ይመችህ።


ቦርከና — ጳጉሜ 3 ቀትር

ጋሼ ጦሳ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ደሴ በመስከረም ጫማ አስወልቀው ሲሚንቶ ላይ ሊያስቀምጧቸው ነው? ልጆቹ እኮ በረዶ ይሆናሉ። ይሄ የኮምቦልቻ ዘዴ ነው፣ ለእኛ ይተዉልን።


ጦሳ ሥር — ጳጉሜ 3 ቀትር

አንተ የቆላ ሰው፣ ሐረጎን ወጥተህ ብርዱን ቅመሰውና እናወራለን። ከሰሌኑ ሥር ካርቶን ይነጠፋል። ሱቅ ሁሉ ካርቶን አለው። ካልሲያቸውም እግራቸው ላይ ነው።


ኩታበር መንገድ — ጳጉሜ 3 ከሰዓት

እኔ ገጠር ነው የማስተምረው። እናንተ ስለ መደርደሪያ ታወራላችሁ፣ እኛ ላይብረሪ የሚባል ክፍል የለንም። ያለው አንድ የብረት ቁም ሳጥን ርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ነው። ልጅ ደግሞ ርእሰ መምህር ቢሮ የሚገባው ሲያጠፋ ነው።


የላይብረሪዋ — ጳጉሜ 3 ከሰዓት

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርህ አሳቀችኝም አሳዘነችኝም።

ከቢሮው ይውጡ በቃ። በካርቶን ወይም በቅርጫት ተደርገው ከክፍል ክፍል ይዙሩ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭኖ ለልጆች ሲያደርስ ክፍል አልጠበቀም። ከዛፍ ሥርም ይሆናል። አቀባበሉን እዚያው ክፍላቸው ውስጥ አድርግላቸው፦ ቅርጫቷ ስትገባ ያጨብጭቡ፣ አንድ ተረት፣ ከዚያ ሁሉም አንድ አንድ ያንሳ።


የአምስተኛ አማርኛ — ደሴ፣ ጳጉሜ 3 ምሽት

ሁላችሁም ስለ ትንንሾቹ ነው የምታወሩት። 5ኛና 6ኛስ? እነሱ «ላይብረሪውን እናውቀዋለን» ብለው ነው የሚመጡት። ሰሌን ላይ አስቀምጠሽ የጅብ ተረት ብትጀምሪ ይስቁብሻል።

እኔ እንቆቅልሽ ነው የማጫውታቸው። በቡድን እከፍላቸዋለሁ። ጥያቄው ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው፣ መልሱ ደግሞ መደርደሪያው ላይ አንዱ መጽሐፍ ውስጥ። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» «ደሴ አጠገብ ተነስቼ፣ ኮምቦልቻን አቋርጬ፣ ከአዋሽ ጋር ተቀላቅዬ፣ ባሕር ሳላይ የምቀር ማን ነኝ?» ቦርከና መሆኑን ብዙዎቹ ወዲያው ይሉታል። ባሕር ለምን እንደማያይ ግን መጽሐፍ ገልጠው ማሳየት አለባቸው። አዋሽ አፋር ውስጥ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር ካርታው ላይ ሲያገኙት «እንዴ!» ይላሉ። በየቀኑ የሚሻገሩት ወንዝ እኮ ነው።

ዋናው ጨዋታ ግን የሚመጣው ሲያቅታቸው ነው። «አገር ስጠኝ» ይባላል አይደል? አገር ይሰጣሉ። የእኔ ሕግ እንዲህ ነው፦ የተቀበለው ቡድን የተሰጠውን ከተማ አትላስ ላይ በጣቱ ካላሳየ አገሩ አይጸናለትም። ሰጪውም ከተማዋ አትላሱ ላይ መኖሯን አስቀድሞ ለዳኛ በሹክሹክታ ያሳያል። ልጆቹ ተንኮለኞች ናቸው። መጀመሪያ ጎንደርና ጅማ ይሰጣሉ። ኋላ ላይ ስሟ ያልተሰማ ከተማ ፍለጋ አትላሱን ገጽ በገጽ ሲያስሱት ታያላችሁ። ማውጫ ለምን እንደሚጠቅም አንድም ቀን አስተምሬ አላውቅም፤ ራሳቸው ደርሰውበታል።

ጩኸት አለ፣ አልዋሽም። በዚያን ቀን ከላይብረሪው ጎን ያለው ክፍል ስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዲሆንለት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።


ጦሳ ሥር — ጳጉሜ 3 ምሽት

እኔን ካሸነፋችሁኝ ወግዲን ሰጥቻችኋለሁ። ፈልጉና አሳዩኝ።


ምክትሉ — ኮምቦልቻ፣ ጳጉሜ 4 ጠዋት

ምክትል ርእሰ መምህር ነኝ። ዕቅዱ ሁሉ ጥሩ ነው። ማንም ያልነካው «መቼ?» የሚለውን ነው።

መስከረም ላይ ላይብረሪያን የት ነው ያለው? መማሪያ መጽሐፍ እያደለ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከገባ ወዲህ ደግሞ መጽሐፉ ለሁሉም አይዳረስም። አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት ስታከፋፍል፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጋራ ስትመዘግብ፣ ላይብረሪው መጋዘን ሆኖ ይከርማል። በሩ ለልጆች የሚከፈተው ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ የመጀመሪያው ጉጉት በርዷል።

በሌላ በኩል ግን እዩት። ትምህርት ከተከፈተ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ክፍሉ ያልሞላበት ነው። ግማሹ ልጅ ከገጠር አልተመለሰም፣ ግማሹ ደብተር አልተገዛለትም። መምህሩም ልቡ «ከመስቀል በኋላ» ላይ ነው። 60 ልጅ የሚይዘው ክፍል 30 ይሆናል። የላይብረሪዋ ወንበርሽ ስንት ነው ያልሽው? ዓመቱን ሙሉ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኚም። እኛ ያን ጊዜ በከንቱ ነው የምናሳልፈው፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያባርሩ ይውላሉ።

ስለዚህ እደላው ከላይብረሪያን ላይ ይነሳ። የክፍል ኃላፊ መምህሩ የክፍሉን በአንድ ላይ ተረክቦ ይፈርም፣ ለልጆቹ ክፍል ውስጥ ያከፋፍል። መምህራን ያጉረመርማሉ፣ አውቃለሁ። ርእሰ መምህሩ ነሐሴ ላይ በስብሰባ ካልወሰነው አይሆንም፤ አሁንም ግን ጳጉሜ ነው፣ አልመሸም። ከመስቀል በኋላ ለሚመጡት ደግሞ ቀድመው የገቡት ልጆች ያስገቧቸው። ማስመሪያ እንዴት እንደሚሰካ ልጅ ለልጅ ሲያሳይ ከእኛ ይልቅ ይደማመጣሉ።

ሚኒ ሚዲያውንም አትርሱት። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ አንዷ ተማሪ ግማሽ ገጽ ተረት ታንብብና ታቁም። ቀሪው ላይብረሪ ነው። ጋሼ ጦሳ ያሉት በድምፅ ማጉያ ማለት ነው።


ቦርከና — ጳጉሜ 4 ጠዋት

ምክትሉ፣ እንደ አንተ ያለ አለቃ ቢሰጠኝ!

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች አሉን። በመጀመሪያው ቀን ተረቱ በአማርኛ ሲፈጥንባቸው ጥግ ይዘው ዝም ይላሉ። እኛም ዓይን አፋር ናቸው እንላለን። አምና አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ያንኑ ተረት በኦሮምኛ ደገመችላቸው። ከሁሉ ቀድመው የሳቁት እነሱ ነበሩ። የቀሩት ደግሞ «ምን አለች? ምን አለች?» ብለው እነሱን መጠየቅ ጀመሩ። አሁን ከትንንሾቹ መጽሐፎች የተወሰኑት ከላይ በአማርኛ፣ ከታች በኦሮምኛ ናቸው።


የላይብረሪዋ — ጳጉሜ 4 ምሽት

ወገን፣ ዕቅዱን ጽፌ ዛሬ ለርእሰ መምህራችን ሰጠሁ። ሙሉውን አልለጥፈውም፣ አንኳሩን ላካፍላችሁ።

አንደኛና ሁለተኛ ክፍሎች ከመስቀል በፊት ይገባሉ። ሰሌን (ከካርቶን ጋር፣ ቦርከና እንዳይስቅብን)፣ ተረት፣ ከዚያ ሁሉም መጽሐፍ ይይዛል። ደንብ የሚባል ነገር በዚያ ቀን አይነሳም፤ የማነሳው እጅ መታጠብን ብቻ ነው፣ እሱም በር ላይ ውኃ በጀሪካን አስቀምጬ። ሲወጡ እያንዳንዳቸው አንድ የወረቀት መጽሐፍና ለወላጅ መልእክት ይዘው ይሄዳሉ። እትዬ ያሉትን ለርእሰ መምህሩ ሳነብላቸው «ትከፍላላችሁ» የሚለው ከደንቡ ይውጣ ብለዋል፣ ለአንደኛና ሁለተኛ ክፍል። ለትልልቆቹ እንቆቅልሹን እናደርጋለን። አትላስ ግን... አንድ ብቻ ነው ያለን፣ ሽፋኑም ወልቋል። እሱ ይታሰብበታል።

ልጆች ለእንቁጣጣሽ የሚሥሏቸውን ሥዕሎችም አስቤአለሁ። አበባም ይሁን መኪና፣ ሁሉም የፈለገውን ይሣል። በቁመቱ ቆርጠን የገጽ ማመልከቻ እናደርገዋለን። የራሱ ሥዕል ያለው ልጅ ገጽ አያጥፍም።

እደላውን በተመለከተ «መምህራኑን አነጋግራለሁ» ነው የተባልኩት። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ምክትሉ ያውቃል።

አሁን የቀረኝ ጣጣ ትንሽ ነው። የእኛ ስቴፕለር አጭር ነው፣ የታጠፈ ወረቀት መሃል አይደርስም። ረጅሙ ዓይነት ደሴ የት ይገኛል?


ዲዊ — ጳጉሜ 4 ምሽት

ፒያሳ ያሉትን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ጠይቂ። ካጣሽ በወፍራም መርፌና በክር ስፊያቸው። ሦስት ቀዳዳ ይበቃል፣ ከስቴፕለርም ይበልጥ ይቆያል።


የሁለት ልጆች እናት — ጳጉሜ 4 ምሽት

ስፌት ከሆነ እኔ አለሁ። የጎረቤት ሴቶችንም ይዤ እመጣለሁ፣ ቡና ካለ።


የላይብረሪዋ — ጳጉሜ 4 ምሽት

ቡናው በእኔ! በውስጥ መስመር ጻፉልኝ እትዬ።


ንብረት ክፍል — ጳጉሜ 4 ምሽት

ረጅሙ ስቴፕለር እኛ መሥሪያ ቤት አለ፤ ማንም አይጠቀምበትም። አበድርሻለሁ። የትብብር ደብዳቤ ግን ማኅተም ያለበት ይዘሽ ነይ፣ እሱ አላቂ ዕቃ አይደለም።